የቆረበ አሯሯጭ

ዲያቆን ባምላኩ በሕይወቱ አንድም ውድድር አላሸነፈም። ፍኖተ ሰላም ላይ ሮጧል፣ ቡሬ ላይ ሮጧል፣ አዴት ድረስ በጭነት መኪና ተጭኖ ሄዶ ሮጧል። መጨረሻው ሲቃረብ ሌሎቹ ይፈተለካሉ፤ እሱ በያዘው ፍጥነት ይቀጥላል። ዳገት አያዘገየውም፣ ቁልቁለት አያስቸኩለውም። አሰልጣኞች ይህን አዩና አሯሯጭ አደረጉት። ከፊት ሆኖ ፍጥነቱን ይይዛል፣ የሚያሯሩጠው ሰው ከኋላው ይከተላል፣ ከዚያ ወደ ዳር ይወጣል።

ሌላው ኑሮው የገበሬ ነው። ከሚስቱ ከታንጉት ጋር በቆሎና በርበሬ ያመርታል። ከፍኖተ ሰላም ወደ ማንኩሳ በሚወስደው አስፋልት ዳር ባለችው የሰፈሩ ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ተራው ሲደርስ ይቀድሳል።

ዘንድሮ የሚያሯሩጠው ሰርካለምን ነበር። ሰርካለም ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ አጠገብ ሙዝና ፓፓያ ትሸጣለች። እሑድ በዚሁ አስፋልት ማንኩሳ ደርሶ በሚመለሰው የከተማው ውድድር ከሴቶች እስከ ሦስተኛ የሚወጡት ወደ ዞኑ ቡድን ይገባሉ፤ ማደሪያና አሰልጣኝ ያገኛሉ። ቡድኑ የዕድሜ ገደብ ስላለው ለእሷ ይህ የመጨረሻው ነው። ከዚህ በፊት ሁለት ጊዜ ሞክራ ሁለቴም መንገድ ላይ ቀርታለች። ምክንያቱ አንድ ነው፤ ስትነሳ ትበራለች።

ቅዳሜ ከሰዓት ቄስ ወልደ ዮሐንስ የባምላኩ በርበሬ ማሳ ድረስ መጡ።

«እንዳለውን ወባ ጥሎታል» አሉ። እንዳለው የነገው ሦስተኛ ዲያቆን ነው።

«ሌላ ሰው የለም አባቴ?»

«የለም። ሁለት ቄስ ሦስት ዲያቆን ካልሞላ ቅዳሴ እንደማይገባ ታውቃለህ።»

«ነገ ሩጫ አለብኝ። ቃል ሰጥቻለሁ።»

ቄሱ አንድ የበርበሬ ዛላ አገላብጠው አዩ። «ሩጫው አንድ ሰው ቢጎድል አይቀርም። ቅዳሴው ይቀራል። ንጽሕናውስ እንዴት ነህ?»

«ለሩጫው ስል ሳምንቱን ለብቻዬ ነው ያደርኩ።»

«አየህ፤ አንተ ለሩጫ መሰለህ እንጂ ለቅዳሴ ነበር።»

የቀደሰ ይቆርባል፤ የቆረበ አይሮጥም። ላቡን አያንጠባጥብም፣ ምራቁን አይተፋም፣ ድምፁን ከፍ አያደርግም፤ አፉን በነጠላ ሸፍኖ በዝግታ ይውላል።

አመሻሹ ላይ ከተማ ወጥቶ ለሰርካለም ነገራት።

«ነገ እቀድሳለሁ።»

ሙዙን መደርደሯን አላቆመችም። «ቀድሰህ ና።»

«እቆርባለሁ።»

እጇ ቆመ። «እንግዲያ ማን ይይዘኛል?»

«ራስሽን ያዢ።»

«ራሴን መያዝ ብችል አንተን ምን አደርግህ ነበር ጋሼ?»

«ቤተ ክርስቲያኑ በር ላይ እቆማለሁ። ስታልፊ እይኝ።»

«ቆመህ ልታሯሩጠኝ ነው?»



እሑድ ጠዋት መነሻው ላይ አደይ ከጎኗ ቆመች። አደይ የቡሬ ልጅ ናት፤ ከሴቶቹ ሁሉ ብርቱ እሷ ናት።

«ዲያቆንሽስ?»

«ቅዳሴ ገብቷል።»

«እንግዲያ አንቺም ቀስ በይ። ከቄስ የዋለ ሰው ቀስ ሲል ነው የሚያምርበት።»

በዙሪያቸው የነበሩት ሳቁ። ሰርካለምም ሳቀች፤ ውስጧ ግን በግኗል። ሲለቀቁ ከአደይ እኩል ተፈተለከች።

ቅዳሴው አልቆ ሕዝቡ ሲወጣ ባምላኩ አፉን ሸፍኖ ከአስፋልቱ ዳር ቆመ። ቀድመው ወንዶቹ አለፉ። ከዚያ ሰርካለምና አደይ ጎን ለጎን መጡ። የሰርካለም ትከሻ ወደ ጆሮዋ ወጥቷል። ባምላኩ ይህን ያውቀዋል፤ እንዲህ ስትሆን ብዙ አትሄድም። ጮኾ ሊጠራት አይችልም። መዳፉን ወደ መሬት አድርጎ ዝቅ አደረገ። ደግሞ ዝቅ አደረገ።

አየችው። በአንድ ጠዋት ሁለት ሰው ቀስ በይ አላት፤ አንዷ ልታበሽቃት፣ አንዱ ሊያድናት። ትከሻዋን አወረደች። አደይ ጥላት ሄደች። ሌሎች ሦስት ሴቶችም አለፏት።

ማንኩሳ ደርሰው ሲመለሱ አደይ ብቻዋን ትመራ ነበር። ሁለት ሴቶች ተከትለዋታል፤ ሦስተኛዋ ደክማ ወደ ኋላ ቀርታለች። አራተኛዋ ሰርካለም ናት፤ እርምጃዋ ከሄደችበት አልተለወጠም። ባምላኩ መዳፉን ገልብጦ ወደ ከተማው ዘረጋ። አሯሯጭ ወደ ዳር የሚወጣው እዚህ ላይ ነበር። እሱ ግን ከመጀመሪያውም ዳር ላይ ነው።

መጨረሻውን አላየም። በዝግታ ወደ ቤቱ ሄደ።

ከሰዓት በኋላ ሰርካለም በባጃጅ መጣች። ላቧ ፊቷ ላይ ጨው ሆኖ ደርቋል። ታንጉት መቀመጫ ሰጠቻት።

«አደይስ?» አላት ባምላኩ።

«አንደኛ ወጣች።»

«አንቺስ?»

«ከተማው መግቢያ ላይ አንዷን ደረስኩባት።»

ታንጉት ቀድማ ገባትና ሳቀች። ሦስተኛ ወጥታለች።

«አደይ ምን አለችኝ መሰለህ? ‹ቀስ በይ ስልሽ የምር ሰማሽኝ እንዴ?›»

«አመስግኛት። አብራችሁ ልትኖሩ ነው።»

በሳምንቱ ሰርካለም የቡድኑ ማደሪያ ገባች። ቡድኑ የራሱ አሯሯጮች አሉት።

ቅዳሜ ቄስ ወልደ ዮሐንስ እንደገና ማሳው ድረስ መጡ። «እንዳለው ተሽሎታል» አሉ። «ነገ መሮጥ ትችላለህ።»

«የማሯሩጠው ሰው የለም አባቴ።»

«እንግዲያ ና ቀድስ። እንዳለውም ትንሽ ይረፍ።»

በማግስቱ ጎህ ሲቀድ ባምላኩ ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ሮጦ ሄደ። ከመቁረብ በፊት መሮጥ አልተከለከለም።