ከፊርማው በኋላ የሚጻፍ ቃለ ጉባኤ

በእኛ ቀበሌ ቃለ ጉባኤ የሚጻፈው ሰው ከፈረመ በኋላ ነው። ማንንም ለማሳጣት አይደለም ይህን የምለው፤ ልማዱ እንዲያ ስለሆነ ነው። ስብሰባው ያልቃል፣ ሰማዩ ይጠቁራል፣ ሁሉም ዝናቡን ለመቅደም ይነሳል። ጸሐፊው መምህር የስም ዝርዝር ያለበትን ወረቀት ያዞራል፣ እንፈርማለን። እሱ በማግስቱ ቁጭ ብሎ ከላይ ያለውን ባዶ ቦታ ባማረ እጅ ይሞላዋል። ለዓመታት እንዲህ ሠርተናል። የምንወስነውም ስለ አጥርና ስለ ሽንት ቤት ጉድጓድ ስለነበር ማንም አልተጎዳም።

እኔ የትምህርት ቤቱ ቦርድ አባል የሆንኩት በዕውቀት አይደለም። ትምህርት ቤቱ ሲሠራ እንጨት ከተሸከሙት መካከል በሕይወት ያለነው ጥቂት ነን፤ ከእነዚያም ስብሰባ ላይ የማያንቀላፋው እኔ ነኝ። ፊደል የቆጠርኩት በመሠረተ ትምህርት ጊዜ፣ ሚስት ካገባሁ በኋላ ነው። ማንበብ እችላለሁ፤ ግን እንደ ዳገት ነው፣ እያረፍኩ ነው የምወጣው። ስሜን ግን አሳምሬ እጽፋለሁ። በጣቴ ፈርሜ አላውቅም።

ግንቦት ላይ ከወረዳ አንድ ሱፐርቫይዘር በሞተር መጣ። ቦርዱ በዳይሬክተሩ ቢሮ ተሰበሰበ። ሰውዬው ጫማውን ከጭቃው እያራገፈ የመጣበትን ተናገረ። ሰባተኛና ስምንተኛ ክፍል አሁን መካከለኛ ደረጃ ይባላል፣ የእናንተ ሁለት ክፍሎች የጭቃ ናቸው፣ ስታንዳርድ አያሟሉም፣ ተማሪውም ትንሽ ነው፤ ስለዚህ ወንዝ ማዶ ካለው ትልቁ ትምህርት ቤት ጋር ይቀላቀላሉ፣ አለን።

ወንዝ ማዶ ማለት ለእኔ ቢጤ የአንድ ሰዓት ተኩል መንገድ ነው። መሀል ላይ ወንዙ አለ፤ በላዩ የተጋደመ ግንድ አለ። ድልድይ የምንለው እሱን ነው። በእኛ አገር ደግሞ ዝናቡ ከዓመቱ አብዛኛውን ይወስደዋል፤ ውሃው ግንዱን ሲሸፍነው ከብት እንኳ አይሻገርም። የልጅ ልጄ ያኔ ሰባተኛን ልትጨርስ ነበር፤ የጎረቤቴ ልጅ ደግሞ ስድስተኛን። ሁለቱም ሴቶች ናቸው። በእኛ ሰፈር ሴት ልጅ አንድ ወር ከትምህርት ቤት ከቀረች ለጋብቻ ሽማግሌ ይላክባታል። ይህን የማያውቅ የለም፤ ስብሰባ ላይ ግን የሚናገረው የለም።

እኔ ተናገርኩ። «ልጆቹ በክረምት በምን ይሻገራሉ? ዓሣ ናቸው?» አልኩ።

ሱፐርቫይዘሩ ፈገግ አለና ማስታወሻው ላይ ጫር ጫር አደረገ። «ሐሳብዎ ተይዟል፣ አባት» አለኝ።

የተያዘ መስሎኝ ዝም አልኩ። ወዲያው ቆርቆሮው ላይ ዝናብ መንጠባጠብ ጀመረ፣ ወረቀቱም ዞረ። ተራዬ ሲደርስ እንደ ልማዴ ቀስ ብዬ፣ እያንዳንዱን ፊደል አቁሜ ጻፍኩ። ከኋላዬ የቆመው ባለሱቅ፣ አባቱ ከሸዋ ለንግድ መጥቶ እዚሁ የቀረ፣ እሱም የቦርድ አባል ነው፣ ትዕግሥቱ አለቀ። «ጋሼ፣ ስም ነው ወይስ የዘር ሐረግ የሚጽፉት? ጨዬ ውጭ ነው፣ ሊሟሟ ነው!» አለ። ሳቅን። ፈርመን ተበተንን።

ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ ደጅ ላይ ቁጭ ብዬ ቀፎ ስጠግን፣ ጎረቤቴ በአጥሩ በኩል መጣች። ባሏ የሞተባት ሴት ናት፤ ምላሷ ሹል ነው።

«ጋሼ፣ እጅዎ ይባረክ» አለችኝ።

«አሜን። ምን ሠራሁልሽ?»

«ጽሑፍዎ እንዴት ያምራል! ቀበሌው ግድግዳ ላይ ተለጥፏል። ከሁሉም ትልቁ የእርስዎ ስም ነው፤ ልጄ ከሩቅ አነበበችው።»

«ምኑ ላይ ነው ስሜ ያለው?»

«ሰባተኛና ስምንተኛ ወንዝ ማዶ ይሂድ ብላችሁ በሙሉ ድምፅ የወሰናችሁበት ላይ ነዋ። ምነው፣ ልጅሽን ዳሪያት ብለው በግልጽ ቢነግሩኝ ኖሮ! እኔም ድግሱን በጊዜ እጀምር ነበር።»

ቀፎውን ጥዬ ሄድኩ። ግድግዳው ሥር ቆሜ አነበብኩ። ሰው እየመጣ፣ እየሄደ፣ እኔ እዚያው ነኝ። «የቦርዱ አባላት በጉዳዩ ላይ በስፋት ከተወያዩ በኋላ በሙሉ ድምፅ ተስማምተዋል» ይላል። በሙሉ የሚለውን ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ከታች ስሜ አለ። እውነትም ያምራል።

ዳይሬክተሩ ዘንድ ገባሁ። ወጣት ነው፣ ክፉ ሰው አይደለም፤ ልጆቹን ሲያስተምር በመስኮት አይቼዋለሁ፣ ይደክማል።

«እኔ ተስማማሁ ወይ?» አልኩት።

«ጋሼ፣ ጽሑፉ ከላይ ተዘጋጅቶ የመጣ ነው። እኛ ከፊርማችሁ በላይ ገለበጥነው እንጂ አልጻፍነውም።»

«ታዲያ እኔን ለምን ጠራችሁኝ?»

አቀርቅሮ ብዕሩን አገላበጠ። «ምልዓተ ጉባኤ እንዲሟላ ነው» አለኝ።

ከዚያን ቀን ጀምሮ መቀመጫዬ እሾህ ሆነ። ወረዳ ሁለት ጊዜ ሄድኩ። ሁለቱንም ጊዜ ኃላፊው ስብሰባ ላይ ናቸው አሉኝ፤ አንዱን ቀን በር ላይ ውዬ ከስብሰባው ሲወጣ ያየሁት ሰው የለም። ቤት ስገባ ደጁ፣ ውጭ ስሆን ቤቱ ይጠራኛል። «አንተ ሰው፣ ተቀመጥ እንጂ! በርጩማው አይነክስህም» ትለኛለች ባለቤቴ። በርጩማው አልነበረም የሚነክሰኝ። የልጅ ልጄ ማታ ማታ ደብተሯን ይዛ ትቀመጣለች፤ እኔ ስገባ ቀና ትላለች፣ ፊቴን ታያለች፣ መልሳ ታቀረቅራለች።

በመጨረሻ ወደ ዞኑ ከተማ ወደ ቦንጋ ወጣሁ። ከሚኒባስ ወርጄ በባጃጅ የዞኑ ትምህርት መምሪያ ደጅ ደረስኩ። ከቢሮ ወደ ቢሮ ሲመሩኝ ቆይተው አንዲት ባለሙያ ዘንድ አስገቡኝ። ልጄ የምትሆን ናት። ፋይሉን አስመጣችና ከፈተችው።

«አባቴ፣ ይህ ፊርማ የእርስዎ ነው?»

«የእኔ ነው።»

«ታዲያ በፈረሙበት ነገር ነው የሚከሱት?»

«ስፈርም ከላይ ነጭ ነበር።»

ቀና ብላ አየችኝ። «ባዶ ወረቀት ላይ ነው የፈረሙት?»

«ሁላችንም። ሁልጊዜ።»

ትስቃለች ብዬ ነበር። አልሳቀችም። በሩ መዘጋቱን አየችና ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ይህን እንደዚህ እያሉ በየቢሮው አይናገሩ። ተጠያቂ የሚሆኑት እነሱ ብቻ አይደሉም፤ እርስዎም ነዎት» አለችኝ።

ያን ጊዜ አፈርኩ። እስከዚያች ደቂቃ ድረስ ተበዳይ ነበርኩ። ለካ እኔ ነኝ ነጭ ወረቀት ላይ ስሜን የጻፍኩት፤ ለዓመታት፣ ያውም በኩራት። ማን አስገደደኝ? ዝናቡ?

እሷ ግን አላባረረችኝም። «ቦርድ የወሰነውን የሚሽረው ራሱ ቦርድ ነው። ከግማሽ በላይ አባላት የፈረሙበት፣ የትምህርት ቤቱ ማህተም ያለበት ሌላ ቃለ ጉባኤ ያምጡልኝ። ከምዝገባ በፊት ይድረስ እንጂ እኔ ለኃላፊዎቹ አቀርበዋለሁ። ምን እንደሚሉ ግን ቃል አልገባልዎትም።»

ቦርዱ ሰባት ሰው ነው። ዳይሬክተሩ ያለ ሱፐርቫይዘሩ ስብሰባ አልጠራም አለ። ጸሐፊው መምህር ዝውውር ጠይቆ መልስ እየጠበቀ ስለነበር፣ ብዕር እንደማያነሳ ማለልኝ። የቀበሌው ሊቀመንበር ታመመ፤ እንዳመመው ባለቤቱ በር ላይ ሆና ነገረችኝ፤ እሱም ከውስጥ ሆኖ ሳለልኝ። ቀረን አራት፤ እኔ፣ ባለሱቁ፣ ሴቶችን የምትወክለው ሴትና አንድ ወላጅ። አራት ከግማሽ በላይ ነው። ዝናቡ ውጭ ስላላስቀመጠን ባለሱቁ ሱቅ ውስጥ፣ በጨው ጆንያ ላይ ተሰበሰብን። ከልጅ ልጄ ደብተር መሀል አንድ ሉክ አወጣሁ። የሚጽፍ ጠፋ፤ ብዕሩ እኔ እጅ ቀረ።

ባለሱቁ ጉሮሮውን ጠረገ። «በመሆኑም ከላይ በተገለጸው መሠረት፣ ብለው ይጀምሩ» አለ።

«ከላይ ምንም አልተገለጸም» አልኩት።

«ይሁን እንጂ፤ ቢሮ እንዲህ ካልተጻፈ አያነቡልዎትም።»

«አንተስ ምን አገባህ?» አለችው የሴቶች ተወካይዋ። «ልጆችህ ቦንጋ ነው የሚማሩት።»

«እኔ ደብተር ሻጭ ነኝ። ሰባተኛና ስምንተኛ ከሄደ ለማን ልሽጥ? ለጉሬዛ?» አለ። ከዚያ ሳቁን ተወና፣ «አባቴ እዚህ ሲመጣ ስሙን የሚያነብለት ሰው አልነበረም። ይጻፉ ጋሼ» አለኝ።

የጻፍኩት ይህን ብቻ ነው። ወንዙ ይሞላል። ድልድዩ ግንድ ነው። ሴቶች ልጆች ከትምህርት ይቀራሉ። ሰባተኛና ስምንተኛ እዚሁ ይሁን። ክፍሎቹን እኛ እናድሳለን። አምስቱን መስመር ስጨርስ ዝናቡ አባርቶ ነበር። ሁለት ጊዜ አነበብኩላቸው፤ ከዚያ ፈረሙ።

ወረቀቱን ለዳይሬክተሩ ወሰድኩ። ቆሞ አነበበው።

«ጋሼ፣ የፊደል ስህተት አለበት።»

«አርመዋ።»

«ካረምኩት የእኔ ጽሑፍ ይሆናል።» መሳቢያውን ከፈተ፣ ዘጋ፣ እንደገና ከፈተ። ማህተሙን አወጣና መታው። «መድረሱን ነው የሚያሳየው፤ መስማማቴን አይደለም» አለኝ። ከእጄ ሳይወስደው ብዬ ፈጥኜ ወጣሁ። በማግስቱ ቦንጋ ወስጄ ለባለሙያዋ ሰጠኋት።

እናድሳለን ብለን ጽፈናልና መልስ እስኪመጣ ቁጭ አላልንም። ሐምሌ ላይ ደቦ ጠራን። በክረምት ግድግዳ የሚመርግ ሰው የለም፤ ጭቃው አይደርቅም። እኛ መረግን። ክፍሎቹ ውስጥ እሳት አንድደን ቀን በቀን እየጠበቅን አደረቅነው፤ ዓይናችን በጭስ ቀላ። ጎረቤቴ ጭድ በራሷ ተሸክማ መጣች። ከእኔ ጋር አልተነጋገረችም፤ ግን ከሁሉ ቀድማ መጥታ ከሁሉ ኋላ የምትሄደው እሷ ነበረች። ዳይሬክተሩም አንድ ቀን ሱሪውን ሰብስቦ ጭቃ ሲረግጥ ዋለ።

ነሐሴ ማለቂያ ላይ ደብዳቤው መጣ። ሰባተኛ ክፍል ለጊዜው እዚሁ ይቆይ፤ ስምንተኛ ክፍል ግን ክልላዊ ፈተና ስላለው ወንዝ ማዶ ይዛወር፣ ይላል። አነበብኩት። አላመንኩም። ለልጅ ልጄ ሰጠኋት፣ እሷም ጮክ ብላ አነበበችው፤ ልክ ነበር። የጎረቤቴ ልጅ እዚሁ ቀረች፣ የእኔዋ ወንዝ ማዶ ሄደች።

ጎረቤቴ በማግስቱ ቆጮ ይዛ መጣች። «ጋሼ፣ ምን እንደምልዎት አላውቅም» አለችኝ።

«ምንም አትበይ። ያንቺም ከርሞ ስምንተኛ ናት» አልኳት። ክፉ ንግግር ነበር፤ ግን እውነት ነው። ለጊዜው የሚለውን ቃል እሷ አልሰማችውም ነበር፤ እኔ ደግሞ ከጆሮዬ አልወጣ ብሎኛል።

ትምህርት ከተከፈተ ወዲህ ጠዋት ጠዋት የልጅ ልጄን እስከ ወንዙ እሸኛታለሁ። «አባባ፣ ይመለሱ፤ ሰው ይስቅብኛል» ትለኛለች። አልመለስም። ግንዱን ተሻግራ ዳገቱን እስክትወጣ ቆሜ አያለሁ፤ ከዚያም ከሰዓት በኋላ እንዲሁ። ውሃው ግንዱን ሸፍኖት ከትምህርት የቀረችበትን ቀን በደብተር እጽፈዋለሁ። ገጹ እየሞላ ነው።

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ወንዙ ደረስን፤ ግንዱ የለም። ውሃ ብቻ ነው፣ ቡናማ፣ የሚጮህ። ልጅቷ ጫማዋን ማውለቅ ጀመረች።

«ምን ልትሆኚ ነው?»

«ዛሬ የሒሳብ ፈተና አለን። ቀስ ብዬ እሄዳለሁ፣ አባባ፤ ግንዱ እኮ ከሥር አለ።»

ክንዷን ያዝኩ። ታገለችኝ። በሕይወቴ እንደዚያ አጥብቄ የያዝኳት ቀን የለም፤ እጄ ክንዷ ላይ ምልክት ትቷል። አለቀሰች፤ ከዚያ ማልቀሷን አቆመችና ጫማዋን በእጇ እንደያዘች ወደ ቤት ዞረች። ከኋላዋ ሄድኩ። ቤቱ ደጅ ስንደርስ እሷ ገባች። እኔ መግባት አቃተኝ።

ደብተሬን ከባለቤቴ ተቀብዬ በፌስታል ጠቀለልኩ።

«ወዴት ነው?» አለችኝ።

«ቦንጋ።»

«እስከ ጉልበትህ ጭቃ ሆነህ?»

«ጭቃውንም ይዩት» አልኳት።

ዋናው መንገድ ስደርስ የመጀመሪያው ሚኒባስ ሞልቶ አለፈ። ሁለተኛውም ሞልቶ አለፈ። ሦስተኛውን ቆሜ ከምጠብቅ ብዬ በእግሬ ጀመርኩት።