ስለ ወንዙ የጻፍኩት አቤቱታ

ከመንዝ ወደ ቡናው አገር ወደ ሰቃ በአስተማሪነት በተመደብኩ በአራተኛው ዓመት፣ በደርግ ጊዜ ነው፣ ከከተማው በላይ የመንግሥት የእሸት ቡና ማጠቢያ ተተከለ። ልጣጩም እጣቢውም የሚለቀቀው ወንዙ ውስጥ ነበር። በለቀማ ወራት ውሃው ይጠቁራል፤ የነካው እግር ሲያሳክክ ያድራል። ለጥምቀት ታቦት ወርዶ የሚባረከው ያው ውሃ ነው። ጎረቤቴ የነበሩት ሙስሊም አሮጊትም «በዚህ ውዱ አድርጌ አላህ ፊት ልቁም?» ይሉ ነበር።

አንድ ቀን አሮጊቷ ሴቶች አስከትለው ቤቴ መጡ።

«ኢንታላ ኮ፣ ልጄ፣ አቤቱታ ጻፊልን።»

«እስቲ ላስብበት» አልኩ። እናቴ አገር ቤት ታማለች፤ ወደ እሷ ለመዛወር ያመለከትኩት አውራጃ ከገባ ሦስት ዓመቱ ነው። በመንግሥት ቡና የመጣ ሰው ደግሞ ዝውውር አያገኝም።

«ስምሽ አይግባ። እኛ እንፈርማለን» አሉኝ።

ጻፍኩ። ሃይማኖት አላነሳሁም፤ ስለ ጤናና ስለ ከብት ብቻ፣ መጨረሻው ላይ መፈክር ጨምሬ። ጽሕፈቴንም አጋድሜ ለወጥኩት። ሴቶቹ አውራ ጣታቸውን ቀለም እየነከሩ አተሙበት።

ስብሰባው ላይ የቀበሌው ሊቀመንበር ወረቀቱን ከአሮጊቷ ተቀብሎ አየት አደረገና ሳቀ።

«እማማ፣ መቼ ነው ክርስትና የተነሱት?»

«አስተግፊሩላህ! ምን ማለትህ ነው?»

«ይኸው፣ ከላይ መስቀል አድርገውበታል።»

ክው አልኩ። ከልጅነቴ ጀምሮ ትንሽ መስቀል ሳላስቀድም ወረቀት ጀምሬ አላውቅም፤ እጄ ራሱ ነው ያደረገው።

«እኔ ነኝ የጻፍኩት» አሉ አሮጊቷ።

«ፊደል የት ተማሩ?»

«መሠረተ ትምህርት አስተማርን ስትሉ አልነበር? ውሸት ነው እንዴ?»

አዳራሹ በሳቅ አውካካ። ሊቀመንበሩ ፊቱ ጠቆረ፤ እስክሪብቶውን አወጣና «እንግዲያው እዚሁ ይጻፉልን» ብሎ ሰጣቸው። ተቀበሉት። እንደ ማማሰያ በጭብጣቸው ያዙት። ከዚያ በላይ መቀመጥ አልቻልኩም።

«እኔ ነኝ» ብዬ ተነሳሁ።

በዓመቱ ለእጣቢው ጉድጓድ ተቆፈረ። ጥልቀት ስላልነበረው ዝናብ ሲመጣ ይሞላና ወደ ወንዙ ይፈስሳል፤ ሴቶቹ ግን ከድሮው ይሻላል አሉ። እኔም ይሻላል አልኩ። ለሌላ አቤቱታ አቅም ያለው አልነበረም።

ዝውውሬ የተፈቀደው ከእናቴ አርባ በኋላ ነው። ደብዳቤውን ሊቀመንበሩ ራሱ አመጣልኝ። ቂም የያዘ አይመስልም ነበር።

«እንኳን ደስ ያለሽ፣ መምህርት» አለኝ።

ጥቁር ለብሼ ነበር። ፈርሜ ተቀበልኩት፤ አልሄድኩም።