ከስሌቱ ያነሰው የቦርደዴ ቁጥር

ጭሮ ዩኒቨርሲቲ በፊዚክስ ላብራቶሪ ቴክኒሻንነት ሥራ የጀመርኩ ቀን የክፍሉ ኃላፊ ቁልፍ ሰጡኝና «ዕቃ እንዳይጠፋ፤ ሌላው ይደርሳል» አሉኝ። እኔም ለዓመታት ዕቃ ስጠብቅ ኖርኩ። በዕቃው ለሚለካው ውጤት የሚጨነቅ ሌላ ሰው ያለ ይመስለኝ ነበር።

ሃሊማ ሂርና ከተማ ፊዚክስ ታስተምራለች፤ እኛ ክፍል ደግሞ ትማራለች። ለሁለተኛ ዲግሪዋ ጥናት የመረጠችው ሙዮንን ነበር፤ ከአየሩ አናት ተወልዶ ወደ እኛ የሚወርድ ደቃቅ ቅንጣት ነው። በአማካይ ሁለት ሚሊዮንኛ ሰከንድ ያህል ቆይቶ ይፈርሳል።

«ታዲያ እንዴት መሬት ይደርሳል?» ብዬ ፈተንኳት።

«እንደ ጫት መኪና ነዋ! ሳይጠወልግ ለመድረስ ይበራል።»

ሳቅኩ። በዚያች ዕድሜ ብርሃን እንኳ አንድ ኪሎ ሜትር አይሄድም። የሚያደርሰው፣ ወደ ብርሃን በተጠጋ ፍጥነት ሲበር ሰዓቱ ከእኛ ሰዓት አንጻር መዘግየቱ ነው። ደግሞም ጫት እያደር ይጠወልጋል፤ ሙዮን ግን አያረጅም፣ በየቅጽበቱ ዕጣ ነው የሚወጣበት። ይህን ሁሉ አስረዳኋት፤ አዋቂነቴም ደስ አለኝ።

የላብራቶሪውን የሙዮን መቁጠሪያ ጭሮ አንድ ሳምንት፣ ከዚያ ዝቅ ብላ በምትገኘው ቦርደዴ ሌላ ሳምንት አቆምነው። የቦርደዴው ቁጥር እኔ ከጭሮው ተነስቼ ከሠራሁላት ስሌት በጣም አነሰ። ኃላፊው ወረቀቱን አይተው «ይሄ የተበላሸ ቆጠራ ነው፤ በዚህ አትመረቅም» አሉ።

ፈራሁ። ብቻዋን ሳገኛት «ቁጥሩን ወደ ስሌቱ ጠጋ አድርጊው፤ ማን ያውቅብሻል?» አልኳት። ይህን ስጽፍ አሁንም አፍራለሁ።

«ወላሂ ጋሼ፣ ያልቆጠርኩትን አልጽፍም» አለች። ስሌቴን ስታገላብጥ ቆይታ ቀና አለች። «ወንድሜ የጫት መኪና ሹፌር ነው። ዳገት ላይ መኪናው ጉልበቱ አይደክምም እንዴ? እርስዎ ግን ሙዮኑን ከላይ እስከ ታች በአንድ ጉልበት ነው ያወረዱት።»

ደነገጥኩ። አየርም ቁስ ነው። ሙዮኑ ሲያቋርጠው ጉልበት ያጣል፤ ጉልበቱ ሲቀንስ የሰዓቱ መዘግየት ይቀንሳል፤ ሳይፈርስ የመድረስ ዕድሉም አብሮ ይወርዳል። ስሌቱን እንደገና ስንሠራው ከቆጠራዋ ጋር ገጠመ።

ኃላፊው ዘንድ አብሬያት ገባሁ።

«ማነው የተሳሳተው?» አሉ።

«እኔ ነኝ» አልኩ።

ሃሊማ ተመረቀች። አሁን ለተማሪዎች «ቆጠራና ስሌት ሲጣሉ መጀመሪያ ስሌቱን መርምሩ» እላለሁ። ሰምታኝ ቢሆን ኖሮ ትመረቅ ነበር፤ ትክክለኛውን ቁጥር ግን በገዛ እጇ ባስጠፋኋት ነበር።