መርዶ የመሰለ ሽልማት

በቃሉ ከአሶሳ ወጣ ብሎ ባለ የሠፋሪ መንደር ወፍጮ ቤት ይዞ የሰው እህል ይፈጫል። ወላጆቹ በደርግ ጊዜ ከወሎ መጥተው እዚሁ አፈር ሆነዋል፤ የቀረችው እህቱ ሕብረት ብቻ ናት፣ እሷም አዲስ አበባ። ወፍጮ ቤት ደግሞ ለጨዋታ አይመችም፤ ሰው ዱቄቱን ይቀበልና ይሄዳል።

እሱም ማታ ማታ ልብ ወለድ ጻፈ። ጎጆዎቹ ሌሊት ተነሥተው ወደ ወሎ ስለሚጓዙበት፣ ሰዉ ጠዋት ባዶ ሜዳ ላይ ስለሚነቃበት መንደር። ምኞቱ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ እንዲሰማው ነበር፤ ከዚያ በላይ አልጠየቀም። ለጎረቤቱ ለዓብዱልባሲጥ ማንበብ ቢጀምር፣ ሰውየው የመጀመሪያዋ ጎጆ ሳትነሣ አንቀላፋ። ሆድ ባሰው። ጽሑፉን አዲስ አበባ ለሚካሄድ፣ የበኩር የምናብና የአስፈሪ ልብ ወለዶች ለሚሸለሙበት ውድድር ላከው። የራሱ ስልክ ስለሌለው የዓብዱልባሲጥን ስልክ ቁጥር ሰጠ።

አንድ ቀን አመሻሽ ላይ አንዲት ሴት ዓብዱልባሲጥ ጋ ደውላ ስለ በቃሉ ጠየቀች። ብቻውን እንደሚኖር ስትሰማ፣ «ለራሱ የምነግረው አለኝ፤ ነገ በጠዋት ስደውል ከአጠገቡ ሁኑልኝ» አለች። ለከተማ ሰው ይሄ ደግነት ነው። እዚህ መንደር ግን እንዲህ ያለ ስልክ የሚያመጣው አንድ ነገር ብቻ ነው። ዓብዱልባሲጥ ሕብረት አረፈች ብሎ ለጎረቤቱ ሁሉ አሰማ።

ጎህ ሲቀድ በቃሉ በሩን ቢከፍት ግቢው ሰው ሞልቷል። ሴቶቹ ነጠላቸውን አዘቅዝቀዋል። ማን ሞተ ብሎ አልጠየቀም፤ ያለችው እሷው ናት። ጎረቤቱ አሮጊቷ ለተማርያም ደግፈው አስቀመጡት፣ ሌሎቹም ግራና ቀኙን ይዘው ተቀመጡ። ያ ቤት እንዲያ ሞልቶ አያውቅም።

ስልኩ ሲጠራ ዓብዱልባሲጥ ጆሮው ላይ አደረገለት።

«እህቴ እንዴት ሞተች?» አለ በቃሉ።

ሴትዮዋ ግራ ገባት። ስለ እህት የምታውቀው ነገር የለም፤ የደወለችው ልብ ወለዱ ማሸነፉን ልትነግረው ነው።

ይህን ሲነግራቸው የሁሉም ነፍስ ተመለሰች። ነጠላው ተገለበጠ፣ ሳቅ ሆነ፣ አገላብጠው ሳሙት፣ መረቁት። ከዚያ ማሽላው አረም ይፈልጋል፣ ከብቱም አልወጣም፤ አንድ በአንድ ወጡ። ስለ ምን እንደጻፈ የጠየቀ አልነበረም። በቃሉ እህቱ በሕይወት በመኖሯ ደስ ብሎታል፣ ውሸት የለውም። ግን ቤቱ ሲጎድል እያየ ዓብዱልባሲጥን በር ላይ ደረሰበት።

«ጋሼ፣ ለቅሶ ቢሆን ኖሮ ሦስት ቀን ትቀመጡ ነበር።»

ሰውየው ቀልድ መስሎት ሳቀና ወደ እርሻው ሄደ።