ድልድዩ እስኪወርድ

ባለፈው ኅዳር፣ የነአኩቶ ለአብ በዓል ዋዜማ ላይ፣ ቄስ ሞላ በሬን አንኳኩተው ገቡና ቁጭ እንኳ ሳይሉ ጉዳያቸውን ነገሩኝ። የጎረቤታችን የደሳለኝ አባት እዚያው አገራቸው ሙጃ ላይ አርፈዋል። ንጋት ላይ መርዶ የሚነግሩት ሽማግሌዎች ተመርጠዋል፤ ዘመዶቹም ሌሊቱን ከሙጃ ይገባሉ። እስከዚያ ድረስ ግን ደሳለኝ ምንም መስማት የለበትም።

«ስልኩን ሚስቱ ደብቃበታለች» አሉኝ። «እቤት ካደረ ግን ፊቷን አይቶ ያውቃል። አንተ ለማኅሌት እንሂድ በለውና ይዘኸው ውጣ። መቼም ወሬ አያልቅብህም።»

ወሬ አያልቅብህም ያሉኝ ምርቃት ይሁን ስድብ ሌላ ቀን እጠይቃቸዋለሁ። ያን ምሽት ግን መደቡ ላይ ተቀመጥኩ። እኔም በወጣትነቴ፣ በሰው አገር፣ እንዲሁ ሌሊቱን ሙሉ ተይዤ ዞሬያለሁና።

ዘመኑ የደርግ ነበር። ሶቪየት ኅብረት፣ ሌኒንግራድ ከተማ የውኃ ምሕንድስና ልማር ስሄድ ከላሊበላ እስከ ወልድያ በጭነት መኪና ላይ፣ በአቧራ ነጥቼ ነው የወረድኩት። እናቴ በሶ በአቁማዳ ቋጥራ ሰጠችኝና «ልጄ፣ በሰው አገር እንዳታፍር። ሲሰጡህ ብላ» አለችኝ። ሌላ ምክር አልነበራትም። ትእዛዟን አክባሪ ልጅ ነበርኩ፤ በሁለተኛው ዓመት ሱሪዬ ሁሉ ጠበበኝ።

ከዚያ የሰባ ሰባቱ ረሃብ መጣ። ላስታ ምን እንደደረሰባት በሬዲዮ እንሰማለን፤ ከቤት ግን ወሬ ጠፋ። እናቴ ፊደል አትቆጥርም፤ ደብዳቤ የሚጽፍላት አንድ የሰፈራችን ደብተራ ነበር። እሱ ተሰዶ ይሆናል፣ ለዚያ ነው የጠፋችው እያልኩ ራሴን አጽናና ነበር።

አልዮሻ የክፍል ጓደኛዬና የከተማው ተወላጅ ነበር። ረጅም፣ ጆሮው ትልቅ፣ መዋሸት የማያውቅበት ልጅ። አንድ የሰኔ ምሽት መኝታ ክፍሌ መጣና «ተነስ፣ ከተማዬን ላሳይህ። ሦስት ዓመት ኖረህ ከክፍልና ከአልጋህ በቀር የምታውቀው የለም» አለኝ። እውነቱን ነው፤ ተከተልኩት።

በዚያ አገር በሰኔ ሌሊቱ አይጨልምም። ፀሐይዋ ገባሁ ትልና ከደጅ ቆማ ታድራለች። ወጣቱ ጊታሩን ይዞ ወንዝ ዳር ፈስሷል፤ ከቦይ ቦይ፣ ከድልድይ ድልድይ ስንሻገር እርጥብ ድንጋይና አበባ ይሸታል። ከዛፎቹ ላይ እንደ ባዘቶ ያለ ነጭ ነገር እየበነነ መንገዱን ሸፍኖታል። «እናቴ ብታየው ለቅማ ትፈትለው ነበር» አልኩና ሳቅሁ። አልዮሻ አልሳቀም።

«ስለ እናትህ ንገረኝ» አለኝ።

«ምኗን?»

«ሁሉንም።»

ሰው ስለ እናትህ ንገረኝ ካለህ ደግሞ ማን ዝም ይላል! አህያዋን ዘር ማንዘሯን እየጠራች እንደምትሳደብ፣ ተሳድባ ስታበቃ ከራሷ ቆሎ ቆንጥራ እንደምታጎርሳት፣ ጾም ሲገባ የሁላችንንም አፍ እንደምትጠብቅ አወራሁለት። እንዲህ ያለ አድማጭ ከዚያ ወዲህ አላገኘሁም።

በኔቫ ወንዝ ላይ ያሉት ድልድዮች ሌሊት ለመርከብ ማሳለፊያ ከመሐላቸው ተከፍለው ይነሳሉ። አንዴ ከተነሱ እስከ ንጋት ስለማይወርዱ ማዶ የቀረ ሰው ማዶ ያድራል። ይህን የከተማው ሕፃን ሁሉ ያውቃል። «አልዮሻ፣ ሰዓቱ!» ስለው «ረሳሁት» አለኝ። አስፋልቱ ከነመብራት እንጨቱ ሽቅብ ሲቆም አፌን ከፍቼ አየሁ። ከዚያ በፊትም በኋላም እንደዚያ ያለ ውብ ነገር አላየሁም።

ድንጋይ ላይ ተቀመጥን። ከኪሱ እናቱ የጋገረችውን ጎመን የተሞላ፣ ፒሮዥኪ የሚሉትን ትንንሽ ዳቦ አወጣ። የኔን ጨረስኩ፤ የሱንም ሰጠኝ። «ሲሰጡህ ብላ ብላኛለች» አልኩና ያንንም በላሁት። በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ ከተማው ተከቦ ሲራብ አያቱ እንደሞተች ነገረኝ። «እናቴ እስከ ዛሬ ዳቦ ስትቆርስ ፍርፋሪውን በመዳፏ ትለቅማለች።»

«የኔም እናት» አልኩት።

«እናትህ አሁን ምን እየሠራች ይመስልሃል?» አለኝ።

«ተኝታለች። ዶሮ ሲጮህ ትነሳና ቤተ ክርስቲያን ትሄዳለች።»

ፊቱን ወደ ወንዙ አዞረ። ምነው ስለው «ነፋሱ ነው» አለኝ። ነፋስ አልነበረም።

ድልድዩ ወረደና ተሻገርን። ያመሸውን ሁሉ በጩኸት የምትቀበለው የበር ጠባቂያችን አሮጊት ያን ንጋት ከወንበሯ ተነስታ ቆመች። ክፍሌን ስከፍት የአገሬ ልጆች በሙሉ ቆመው ይጠብቁኛል። በመካከላችን የነበረችው ነጠላ አንዲት ብቻ ናት፤ እሷን ታላቃችን ታደሰ አዘቅዝቆ ለብሷል። ሌሎቹ የአልጋ አንሶላ አዘቅዝቀው ለብሰዋል። አንሶላዎቹን ሳይ ማንም ሳይነግረኝ አወቅሁ።

እናቴ የሞተችው ጥር ላይ ነው። እህል ይታደላል ወደተባለበት ስትወርድ መንገድ ላይ ቀረች። ወሬው እኛ ዘንድ የደረሰው ገና በዚያ ሳምንት፣ ከአዲስ አበባ በመጣ ተማሪ ነበር። እኔ ስንት ወር ሙሉ ትነሳለች፣ ትተኛለች ስል ኖሬያለሁ። ሲሰጡኝም በልቻለሁ። ፒሮዥኪ ከዚያ ወዲህ በአፌ አልዞረም።

አልዮሻ መጀመሪያ እንቢ ብሏቸው እንደነበር በኋላ ሰማሁ። «በኛ አገር ወዲያው ነው የሚነገረው» ብሎ ተከራከረ። ታደሰ «ሞት በጨለማ አይነገርም» ሲለው «የት አለ ጨለማው?» አለ አሉ። እነሱ ግን አልሰሙትም፤ የኛ ሰው ፊቱ ያሳብቅበታል፣ አንተ ይዘኸው ዙር አሉት። እሺ አለና ዞረ። የቀረውን፣ ስለ እናትህ ንገረኝ ማለትን፣ ማንም አላዘዘውም። ከራሱ ነው ያመጣው። እናቴ በሞተች በስንት ወሯ አንድ ሌሊት ተጨመረላት። ያቺን ሌሊት ሳስታውስ እስከ ዛሬ ያየሁት ውበትና ያዘንኩት ሐዘን ሊለያዩልኝ አልቻሉም።

ባለፈው ኅዳርም ከደሳለኝ ጋር ወደ ነአኩቶ ለአብ ወጣን። የታጨደ ገብስ ይሸታል፤ ከሩቅ ከበሮ ይሰማል። ያዘጋጀሁት ወሬ ሁሉ ከአፌ ጠፋ።

«ጋሼ፣ ዛሬስ ምን ነካዎት? በዚህ ጉልበትዎ!» አለኝ።

«ስለ አባትህ ንገረኝ» አልኩት።

«ምናቸውን?»

«ሁሉንም።»

ሳቀና ጀመረ። አባባ ዘንድሮም ገብሳቸውን ራሳቸው እንዳጨዱ፣ ማጭዳቸውን ለማንም እንደማያውሱ፣ ለገናም ሄዶ እንደሚያያቸው። እየሳቀ ሲያወራ አቋራጩ ጋ ደረስንና ሊታጠፍ ሲል ክንዱን ያዝኩት።

«በዚህኛው እንሂድ» ብዬ በረጅሙ መንገድ ወሰድኩት።