«እኛ ነን»

ከሚዛን ወደ ሸኮ በሚወስደው መንገድ ግርጌ ያለው ረግረግ ዛሬ ከሩቅ አገር ለሚመጡ ወፎች የተጠበቀ ስፍራ ነው። በቀደም ስሄድ ጥበቃው እኛን ጎብኚዎቹን ከዳር አቁሞ፣ «ቀስ ብላችሁ ‹እኛ ነን› በሏቸው፤ አይበሩም» አለ። የበሰበሰ ደንገል ሸተተኝ።

በደርግ ጊዜ ወጣት ለውትድርና ሲታፈስ ወንድሜ እዚያ ደንገል ውስጥ ተደብቆ ነበር። ምሳ የምናደርስለት አያቴና እኔ ነበርን። አያቴ እንደ ሣር አጫጆቹ ልማድ ከዳር ቆሞ «እኛ ነን» ሲል ወፎቹ አይነሱም፤ ወንድሜም ይወጣል። ወፎቹ ከተነሱ ግን እንዳይወጣ ነግሮታል።

አንድ ቀን ሁለት ታጣቂዎች ከኋላችን ደረሱ። አንደኛው የጎረቤታችን ልጅ ነው፤ ከወንድሜ ጋር ሣር ሲያጭድ ያደገ።

«አባባ፣ ቆጮው ለወፎቹ ነው?» አለ እየሳቀ።

«ለራሴ ነው ልጄ። ሽማግሌ አይርበውም?»

ልጁ ጠመንጃውን ለጓደኛው አቀበለ። ከዚያ ጎንበስ ብሎ፣ ልክ እንደ አያቴ ድምፁን አለስልሶ፣ «እኛ ነን» አለ።

አንድም ወፍ አልተነሳም። ወፎቹን ለማስነሳት ላጨበጭብ ስል አያቴ ሁለቱንም እጆቼን በአንድ መዳፉ ጥርቅም አድርጎ ያዘ።

«ይገድሉሃል፤ ዝም በል» አለኝ በጆሮዬ። «የእኔ ድምፅ እንዳልሆነ ወንድምህ ይለየዋል።»

ሁላችንም ወደ ደንገሉ አየን። ነፋስ አልነበረም፤ መሃል ላይ ግን ደንገሉ ተነቃነቀ።

«‹እኛ ነን› በል እንጂ» አለኝ ጥበቃው።

በሁለት እጄ አጨበጨብሁ። ወፎቹ ግር ብለው ተነስተው ሰማዩን ሞሉት።

«ምን ነካህ፣ ወንድሜ?» አለኝ።