ፍሬኑን በጊዜ ረግጠዋል

ይህን እስከ ዛሬ የነገርኩት ለአንድ ሰው ብቻ ነው፤ እሳቸውም ረስተውታል። ለማንም አልተናገርኩም ብል ይቀላል።

ሳን ሆዜ አጠገብ ባለ ዩኒቨርሲቲ ውስጥ መኪናና በረዶን የሚያጠና የምርምር ማዕከል እመራለሁ። መኪና በረዶ ላይ እንዴት እንደሚንሸራተት፣ እንዴት እንደሚቆም ነው የምናጠናው። እኛ ጋ በረዶ ስለማይጥል ዊንተር ሲገባ መኪኖቹን ይዘን ተራራ እንወጣለን።

የሙከራ ሾፌራችን ጋሽ ታደሰ ነበሩ። ኦክላንድ ውስጥ ለዓመታት አውቶቡስ የነዱ፣ አንድም ሰው ገጭተው የማያውቁ። ሥራ ያስገባኋቸው እኔ ነኝ። ቸርቻችንም አንድ ነው።

አዲስ የፍሬን ሶፍትዌር ሠርተን ነበር። ሠርተን ስል ራሴን መደበቄ ነው፤ የሠራሁት እኔ ነኝ። አንድ ቀን ጋሽ ታደሰ ከሙከራ ተመልሰው ጓንታቸውን እያወለቁ፣ “ስሚ ልጄ፣ ደረቁ በረዶ ላይ ጥሩ ነው። እርጥቡ ላይ ግን ፍሬኑ ያመነታል” አሉኝ።

“ስንቴ አመነታ?”

“ሁለቴ። ቁልቁለቱ ላይ።”

ሁለቴ። በደንብ ሰምቻለሁ። በማግስቱ ግን ማዕከሉን የሚደግፉ እንግዶች ሊያዩን ይመጡ ነበር። “ከእነሱ በኋላ ቼክ እናደርገዋለን፣ ጋሼ” አልኳቸው። ለምን አላስቆምኩም? ስላላወቅኩ ነው? አውቄ ነው።

በማግስቱ እኩለ ቀን ላይ በረዶው በፀሐይ ረጥቦ ሳለ ጋሽ ታደሰ ለእንግዶቹ ለማሳየት የሚነዱት መኪና ቁልቁለቱን ተንሸራቶ ወረደና ከዛፍ ጋር ተላተመ። አጠገባቸው ተቀምጣ መሣሪያዎቹን የምትከታተለው ኢንጂነር ሊና እዚያው ሞተች። የጋሽ ታደሰ ዳሌ ተሰበረ።

የመኪናው ኮምፒዩተር የያዘውን መዝገብ የከፈትኩት እኔ ብቻ ነኝ። ፍሬኑን በጊዜ ረግጠዋል። የዘገየው የእኔ ሶፍትዌር ነው። ሪፖርቱ ላይ ግን “ሾፌሩ ዘግይቶ ፍሬን ያዘ” ብዬ ጻፍኩ። እኔ ጻፍኩ። መዝገቡንም አጠፋሁት፤ እኔው።

ሆስፒታል ልጠይቃቸው ሄድኩ።

“በጊዜ የረገጥኩ ይመስለኝ ነበር” አሉኝ።

“ዘግይተዋል፣ ጋሼ። ኮምፒዩተሩ ያሳያል።”

“እንግዲህ ማሽን አይዋሽም” አሉ።

ሻል ሲላቸው በምርኩዝ ቸርች መጡ። ማይክ ጠይቀው፣ “በእኔ ጥፋት የሰው ልጅ ሞታለች፤ ጸልዩልኝ” አሉ። ጉባኤው አለቀሰ። እኔ ሦስተኛው ረድፍ ላይ ነበርኩ። እሳቸው ያልሠሩትን ኃጢአት ሲናዘዙ የሠራሁት እኔ “አሜን” አልኩ። ምን ዓይነት ሰው ነው እንዲህ የሚያደርገው? ከዚያ ወዲህ መሪ ጨብጠው አያውቁም። እኔ ሶፍትዌሩን በዝምታ አስተካከልኩ፤ ማዕከሉም አደገ።

ባለፈው ወር ኤል ሴሪቶ፣ ልጃቸው ሩት ቤት ሄድኩ። የመርሳት ሕመም ይዟቸዋል። “ሶሪ፣ ማንንም አይለይም፤ የማሚን ስም እንኳ ረስቷል” አለችኝና የሥራ ኮል ስለነበራት ክፍሏ ገባች።

ብቻችንን ስንቀር ወንበራቸው ሥር ተንበረከክሁ። “ጋሼ፣ ፍሬኑን በጊዜ ረግጠዋል። የዋሸሁት እኔ ነኝ።”

“በጊዜ?”

“በጊዜ።”

እጄን ያዙኝ። “ተመስገን፣ ተመስገን” እያሉ አለቀሱ። ትንሽ ቆይተው ግን እጄን ለቀቁ፤ ቀኝ እግራቸው ወለሉን ይረግጥ ጀመር። “ዘገየሁ” አሉ። “ልጅቷን ገደልኳት።” ደግሜ ነገርኳቸው። ደግመው ደስ አላቸው፣ ደግመው ረሱ። ሁሉን የወሰደባቸው ሕመም የእኔን ውሸት ግን ትቶላቸዋል።

ሩት ድምፃቸውን ሰምታ ወጣች። “ኤቭሪ ዴይ እንዲህ ነው” አለች፣ ዓይናቸውን እየጠረገች። ከዚያ ወደ እኔ ዞረች። “አንቺ እዛ ነበርሽ፣ ራይት? እውነት የእሱ ጥፋት ነው?”

አሁን ለአባቷ ደጋግሜ ያልኩትን አንድ ጊዜ ለእሷ ማለት ብቻ ነበር የቀረኝ።

“አደጋ ነው፣ ሩትዬ” አልኳት። ቦርሳዬን አንስቼ ወጣሁ።

ይቅርታ አልለምናችሁም። ስልኳ አለኝ። ዛሬም ልደውልላት እችላለሁ። አልደወልኩም።